የቀረው ጥቅል

ሳያት መቱ ውስጥ በአንድ የግል ምርመራ ማዕከል የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት። ማዕከሉ የሲቲ ስካን መሣሪያ ቢኖረውም ምስሉን የሚያነብ ሐኪም ስለሌለው፣ ፋይሎቹ ጅማ ላሉት ለዶክተር ሰይፈ ሚካኤል በኢሜይል ይላካሉ። ኢሜይሉ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ አይቀበልም። ሳያት መጀመሪያ ፋይሎቹን እየመረጠች፣ መጠናቸውን እየደመረች በእጇ ትጠቀልላቸው ነበር። ሲሰለቻት ስክሪፕት ጻፈችለት፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የቀኑን ፋይሎች በተራ እያነሣ ይደምራል፣ ጥቅሉ ሲሞላ ዘግቶ ይልካል፣ ሌላ ይከፍታል። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ሻይ ተጠጥቶ ሳያበቃ ያልቅ ጀመር። ሁሉም ደስ አላቸው።

ዋሪቱ ከዳሪሙ የመጣች ገበሬ ናት። ራስ ምታቱ ከጀመራት ከርሟል፤ አግባብቶ ያመጣት ባሏ ቀነዓ ነው። ጭንቅላቷን ተነሣች፤ በማግስቱ ከጅማ የመጣው መልስ፣ በምስሉ ላይ የሚያሰጋ ነገር አልታየም የሚል ነበር። ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ተሰናበቱ።

ከሰዓት በኋላ ሳያት የተላኩትን ኢሜይሎች ስታይ አንዱን ሳይደርስ ተመልሶ አገኘችው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚያጋጥም ነውና ደግማ ልትልከው ከፈተችው። ከፊሉ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ነው። የቀረው የዋሪቱ ጭንቅላት። ስክሪፕቱ መጠን እንጂ ሰው አያውቅም፤ ጥቅሉ ሲሞላ ዋሪቱን መሃል ላይ ቆርጧት ኖሯል።

ለዶክተሩ ደወለች። እሳቸውም የላይኛው ክፍል ብቻ እንዲነሣ የታዘዘ መስሏቸው እንደነበር ነገሯት። የቀረውን ላከችላቸው፤ ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁ፣ ከፈቱት፣ እየመላለሱም አዩት።

«ሴትዮዋ የት ናት?» አሉ በመጨረሻ። «እንዳትሄድ።»

የቀነዓ ስልክ ዝግ ነበር። ሳያት ባጃጅ ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች። የዳሪሙ መኪና ሰው እስኪሞላ ቆሟል፤ ዋሪቱ ሻርፗን ግንባሯ ላይ አጥብቃ አስራ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ሳያት ነገሩን ለማለሳለስ አልሞከረችም። ሐኪሙ ያዩት ከፊሉን ብቻ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የራሷ እንደሆነ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ቀነዓ ተቆጣ፤ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ ተናገራት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ዋሪቱ ግን የባሏን ክንድ ያዝ አደረገች።

«እኔስ ደህና ነሽ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር» አለች። «ማን ይሰማኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ዘንቢሏን አንሥታ ወረደች።

ከጭንቅላቷ በስተኋላ እብጠት ተገኘ። ጅማ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የቡና ለቀማው ሳያልቅ ቤቷ ገባች።

ሳያት ስክሪፕቱን እንደገና ጻፈችው። አሁን ፋይሎቹን አስቀድሞ በሰው ይለያል፣ የአንዱን ከሌላው አይቀላቅልም፤ የአንድ ሰው ምስል ለአንድ ጥቅል ከበዛም በእያንዳንዱ ላይ ከስንቱ ስንተኛው እንደሆነ ይጽፋል። ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ምንዳዬ፣ ጥቅሎቹ ሳይሞሉ ስለሚሄዱ ቁጥራቸው በዛ ብለው ቅር አላቸው።

«ባዶ ቦታ ይዘው ይሂዱ» አለቻቸው። «ባዶ ቦታ ሰው አይጎዳም።»

እሳቸውም አልገፉበትም።

ዋሪቱ ለክትትል የመጣች ቀን ሳያት ልትሸሻት ከጅሏት ነበር። ዋሪቱ ግን ራሷ ክፍሏ ድረስ ገብታ ምስሏን እንድታሳያት ጠየቀቻት። ሳያት ከፈተችላት።

«ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እትዬ ዋሪቱ። ሁሉም።»

ዋሪቱ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ አብረው አዩት።