ሸክላ ለቃሚው ልብስ ሰፊ

ሸምሶ የተቀበረ ዕለት፣ ቡታጅራ መቃብር አፋፍ ላይ፣ እንደ ደንቡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «በሟች ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ይናገር፤ አለዚያም አውፍ፣ ይቅር ይበለው» አሉ። የቆመው ሁሉ ባንድ ድምፅ «አውፍ ብለነዋል» አለ። ታናሽ ወንድሙ ሙባሪክም አብሮ አለ። አፉ አለ እንጂ ልቡ አላለም።

ነገሩ የአንድ ሣጥን የዘፈን ሸክላ ነው። ሙባሪክ በጎረምሳነቱ፣ ገና ስፌት ለማጅ ሳለ፣ እጁ የገባውን ሁሉ መርካቶ እየላከ ሸክላ ያስገዛ ነበር። በቡታጅራ ማጫወቻ ያለው ቤት በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን፣ ሠርግ የደገሰ ሰው ሣጥኑን ለመዋስ የነሙባሪክን ደጅ ይጠና ነበር። ሣጥኑን ተሸክሞ የሚሄደው ታላቁ ሸምሶ ነው። ሙዚቃ ሰምቶ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበርና፣ አንድ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ጠረጴዛውን በዳሌው ገጨውና መርፌው አንዱን ሸክላ ጫረው። ከዚያ ወዲህ ያ ዘፈን «ከደጅሽ ቆሜ» ይልና ሁለት ስንኝ ዘሎ «ወንዙ ሞላብኝ» ላይ ያርፋል። ቤተሰቡ ዘፈኑን የለመደው ከነዝላዩ ስለነበር ሲያንጎራጉርም «ከደጅሽ ቆሜ ወንዙ ሞላብኝ» ይላል። ደጅና ወንዝ ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቀ የለም።

ሙባሪክ ወደ ሰሜን ሲዘምት ሣጥኑን ለሸምሶ ሰጠ። ደርግ ወድቆ፣ እግሩ ቆሳስሎ ቡታጅራ ሲገባ መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ ሣጥኑን ጠየቀ።

«ሰው ዘንድ አማና፣ አደራ አስቀምጬዋለሁ» አለ ሸምሶ መሬት መሬት እያየ።

«ማን ዘንድ?»

«ሴትየዋ ከተማውን ለቃለች። እያፈላለግኳት ነው።»

«ቃምኩት አትልም?»

ሸምሶ ጫት ይወዳል። ገንዘብ ባጣ ቀን ቤት ያገኘውን ዕቃ ይዞ ገበያ ይወጣል፤ የእናታቸው የመዳብ ድስት እንኳ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ማን ያምነዋል? ወንድማማቾቹ ባይኳረፉም፣ ሙባሪክ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ቀልድ አስመስሎ በሣጥኑ ይወጋው ነበር። ሸምሶም ዝም ይል ነበር።

ዝም እንዳለም ሞተ። ሰው የሌላ ሰው ሐቅ ይዞ ከሞተ በመቃብሩ እንደሚጨነቅ ሙባሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል። ልቡን ይቅር በል ቢለው እንደ ግትር በሬ አልነዳ አለው። በመጨረሻ አንድ መላ መጣለት። ሸክላዎቹን ራሱ አንድ በአንድ እየገዛ ይተካቸዋል። ሣጥኑ ሞልቶ ምንም ካልጎደለበት ሸምሶም ዕዳ የለበትም።

ሚስቱ ሰልሚያ ያሮጌ ሸክላ ክምር ባየች ቁጥር ትስቅበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ ካሴቱን በሲዲ ሲለውጥ አንተ ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄደው?» ትለዋለች። አንድ ቀን ምክንያቱን ሲነግራት ሳቋን ተወችው። ጥቂት አሰበችና፣

«እና ሣጥኑ እስኪሞላ ሸምሶ እዚያው መቃብሩ ውስጥ ይጠብቅሃል?» አለችው።

ሙባሪክ መልቀሙን አላቆመም። ከአዲስ አበባም ከቆሼ ከተማም እየለቀመ ብዙውን ተካ። ያንን የሚዘለውን ዘፈን እንኳ ጭረት የሌለው አገኘና ባሮጌ ማጫወቻ ከፈተው። በዘመኑ ሙሉ ሰምቷቸው የማያውቃቸው ሁለት ስንኞች ሲመጡ ግን መርፌውን አነሣ። የሰው ቤት ዘፈን ሆነበት። ሣጥኑ እየሞላ፣ ልቡ ግን እዚያው ነበር።

ወልቂጤ አንድ ሰው የድሮ ሸክላ ይሸጣል ሲሉት ሄደ። የሰውየው ሸክላዎች መስኮት ሥር ፀሐይ መቷቸው እንደ ደረቀ ኮባ ተጠቅልለዋል። ሙባሪክ ባዶ እጁን ወደ መናኸሪያ ተመለሰ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ከፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገባ። ባለቤቷ ሻሽ ያሰረች፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ሻይ ሰጥታው ብርጭቆ ወደ ማጠቡ ተመለሰችና ማንጎራጎር ያዘች፤ «ከደጅሽ ቆሜ ወንዙ ሞላብኝ።»

ሙባሪክ ሻዩን አስቀመጠ።

«ልጄ፣ ይህን ዘፈን እንዲህ አድርጎ ማን አስተማረሽ?»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ? ዘፈኑ እንዲህ ነው እኮ።»

«መሀሉ ላይ ሁለት ስንኝ አለ።»

«እኛ ቤት ባለው ሸክላ ላይ የለም» አለችና እጇን አደራረቀች። «የኛም አይደል፤ የሰው አማና ነው። እናቴ ዘይባ ቡታጅራ ሳለን ሸምሶ ከሚባል ሰው የተቀበለችው። ባለቤቱ ወንድሙ ነው፤ ወታደር ነበር ይባላል።»

«እኔ ነኝ» አለ። «ሙባሪክ እባላለሁ።»

ሴትየዋ ትክ ብላ አየችው። «አይቆጡኝ ጋሼ፣ አማና ስለሆነ ነው። የሣጥኑ እጀታ ምንድን ነው?»

«እጀታው ተሰብሮ የአባቴ ቀበቶ ነው የታሰረበት።»

ፈቲሀ፣ ስሟ ይኸው ነበር፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናቷ ሺህ ጊዜ የነገረቻቸውን ነገረችው። ሙባሪክ በዘመተ ሰሞን ሸምሶ ሣጥኑን ተሸክሞ መጣ። «ዘይባ፣ ውሰጂልኝ። እኔ ዘንድ ከዋለ እሸጠዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እኔው መጥቼ ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ» አላት።

«ለመናት?» አለ ሙባሪክ።

«ሳምንት ሳይሞላው። በር ዘጋችበት። ቀጥሎ ‹ወንድሜ ሞተ፣ ለሰደቃው ይሸጥ› ብሎ አለቀሰላት። ‹ልቅሶ ቤት እመጣለሁ፤ አሁን ሂድ› አለችው። ሲያቅተው ሻሽ አስሮ መጣ።»

«ሻሽ?»

«የሙባሪክ ሚስት ነኝ ብሎ። ጢሙን ግን አልተላጨም።»

ሙባሪክ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም፤ ሆዱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

አባቷ ሲሞቱ በድንገት ወደ እናቷ ዘመዶች ጉንችሬ እንደሄዱ፣ ኋላም ወልቂጤ እንደገቡ ነገረችው። ዘይባ ሰው ብትልክ ወታደሩ አልተመለሰም አሏት። ፈቲሀ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እናቴ አምና ሞተች። አማና ነው አትንኩ እያለችን፣ እሷ ግን ለዒድ በር ዘግታ በአባቴ ማጫወቻ ትከፍተው ነበር። ስትሞት ያስጨነቃት ይኸው ነው። አውፍ ይበሏት ጋሼ።»

«አውፍ ብያታለሁ» አለ ወዲያው። ቃሉ እንዲህ ቀልሎት መውጣቱ ገረመው። ለሸምሶም ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ሸምሶ ምን አጠፋና? እውነቱን ነበር። አሁን አውፍ መባል የሚያስፈልገው ሙባሪክ ራሱ ነው፤ ይህንንም ቡታጅራ ሲመለስ ሸምሶ መቃብር ላይ ቁጭ ብሎ ይለምናል። ይህን ሲያስብ ልቡ አልከበደውም። ወንድሙ ነው፣ ያውቀዋል፤ ጥቂት ያሾፍበትና ይቅር ይለዋል።

ውጭ የቡታጅራው ሚኒባስ ሞልቶ ጥሩምባውን ነፋ። ሙባሪክ አልተነሣም።

«ሣጥኑን ላምጣልዎ?» አለች ፈቲሀ።

«ይደርሳል። ሻሹ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ፤ አበባ ያለበት አሉ።»

«የእናታችን ነው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ሻዩን ድገሚኝና ከጢሙ ጀምረሽ ንገሪኝ።»