የፈረስ አሰልጣኙ ዝግጅት

ፈረስ በሚረባባት በጎንባድ ከተማ አካባቢ የዚያን በሽታ ስም በታማሚው ፊት የሚጠራ የለም። ጉሮሮ ዘግቶ ሰውን ከዳቦ የሚለየው በሽታ ያልገባበት ቤት ባይኖርም፣ ሁሉም "ቁስል ነው" ይላል።

ሐኪሙ ግን ከታማሚው ልጅ ከያዝገልዲ አልደበቀም። "ካንሰር ነው። የአባትህን የምግብ ቧንቧ ቆርጠን እናወጣለን። ደረት የሚከፈትበት ከባድ ቀዶ ጥገና ስለሆነ ገላቸውም ልባቸውም መዘጋጀት አለበት። በየቀኑ ይራመዱ፣ ትንፋሽ ይለማመዱ። ከሁሉም በላይ ይመገቡ፤ ከከሱ ስፌቱ አይይዝም። የሚገቡበትንም ይወቁት። ካልቻልክ እኔ ልንገራቸው።"

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አለ ያዝገልዲ።

ቤት ሲደርስ አባቱ ቤግሙራድ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለብ ያለ ሻይ ለመዋጥ ይታገሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውድድር ፈረስ ሲያሰለጥኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

"እህ፣ ምን አለ ያ ሐኪም?"

ያዝገልዲ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። "ቁስል ነው አለ፣ አባ። ይጸዳል። እስከዚያው... እንደ ውድድር ይቁጠሩት። ፈረስ እንደሚያዘጋጁ ራስዎን ያዘጋጁ።"

የሽማግሌው ፊት በራ። "እንዲህ በለኛ! ይሄማ የኔ ሥራ ነው።"

ከማግስቱ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ወፍራም የበግ ለምድ ደርበው በሜዳው ዳር ይራመዱ ጀመር። ላቡ በጺማቸው ይወርዳል።

"ቤግሙራድ! ኮርቻ ላምጣልህ?" ይላቸዋል ጎረቤታቸው ኦራዝ ከአጥሩ ማዶ።

"ለራስህ ጫነው! እኔስ ያለ ኮርቻም እቀድምሃለሁ!"

ሆስፒታሉ ለትንፋሽ ልምምድ በሰጣቸው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያሉትን ኳሶች አየር እየሳቡ ሁሉንም ያነሷቸዋል። ያዝገልዲ ይህን እያየ ተጽናና። በየጠዋቱ እንቁላል የተመታበት ወተትና የበግ ላት መረቅ አጠገባቸው አኑሮ ወደ ወፍጮ ቤት ሥራው ይሄዳል፤ ሲመለስ ዕቃው ባዶ ነው። ከለምዱ ሥር ያለውን ገላ ግን አላየም።

በቀጠሮው ቀን ቤግሙራድ ለምዳቸውን አውልቀው ሚዛን ላይ ወጡ። የትከሻቸው አጥንት ሾሏል። ነርሷ ማራል ቁጥሩን ደግማ አየችው።

"አባቴ፣ ምግቡን ማን በላው?"

"ውሻው" አሉ በኩራት። "ሆዱን የሞላ ፈረስ ለውድድር ይቀርባል እንዴ? መኖዬን ቀነስኩ፣ ስቤን በላብ አወጣሁ። አሁን ትንፋሼን እዩልኝ!"

ማራል አልሳቀችም። ሐኪሙ መጣና የክንዳቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ከዚያ ያዝገልዲን ወደ ኮሪደሩ አወጣው።

"ዛሬ ቀዶ ጥገናውን ብናደርግላቸው ከጠረጴዛው አይነሱም። በሆዳቸው ቱቦ አስገብተን እንመግባቸዋለን። ዕጢው ግን አይጠብቀንም፤ ወደ አየር ቧንቧው ተጠግቷል። ከነካው ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር የለም።"

ያዝገልዲ ተመልሶ አባቱ በተቀመጡበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "አባ፣ ቁስል አይደለም። ካንሰር ነው።"

ቤግሙራድ ቀና ብለው አዩት። "እናትህን የወሰዳት?"

"አዎ።"

"ለአጭር ሩጫ ፈረስ ታከሳለህ። ውኃ የሌለበት በረሃ ሊሻገር ከሆነ ግን ታወፍረዋለህ፤ የገዛ ስቡን እየበላ ነው የሚደርሰው። መንገዱ ረጅም ነው ብትለኝ ኖሮ፣ እያነቀኝም ቢሆን እውጠው ነበር።"

"ፈርቼ ነው፣ አባ።"

"ለኔ ነው የፈራኸው ለራስህ?"

ያዝገልዲ ለምዱን አንስቶ ትከሻቸው ላይ ደረበላቸው።

ቱቦው ገባ። ቤግሙራድ መረቁ በሆዳቸው ሲንቆረቆር ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው እየመለሱ፣ አንድም ቀን ሳያጉረመርሙ ተመገቡ። ጉንጫቸው ሞላ፤ ማራልም በሚዛኑ ፊት ፈገግ አለች። ከዚያ የደረታቸው አዲስ ምስል ተነሳ። ሐኪሙ አይቶት ሲያበቃ ያዝገልዲን በዓይኑ ወደ ኮሪደሩ ጠራው።

"የት ነው የምትወስደው?" አሉ ቤግሙራድ። "የኔ ገላ ነው፤ እዚሁ ንገረኝ።"

ሐኪሙ ነገራቸው። ዕጢው የአየር ቧንቧውን ነክቷል፤ ከእንግዲህ ቢላዋ አይገባበትም።

ቤግሙራድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጃቸውን ሳያዩ "ጫማዬን አቀብለኝ" አሉ። ያዝገልዲ ተንበርክኮ አንዱን እግራቸውን ያዘ፤ ማሰሪያውን ሁለቴ አጥብቆ አሰረላቸው።