የማነጻጸሪያው ደም

እኛ ላብራቶሪ ክፉ ውጤት በስልክ አይነገርም። ደውለን «ነገ ስትመጪ ሰው ይዘሽ ነይ» እንላለን፣ በቃ። ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንዳልኳት እኔም አላውቅም። ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደም ይሰጡናል፤ ሆርሞናቸውን እንለካለን፤ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ጽንሱ እንዳይወርድ ያሰጋል። ሴትዮዋ ገና ምንም ሳይሰማት እኛ እናውቃለን። ማወቁ ሁልጊዜ ያድናል ወይ? አያድንም። ሐኪሙ ለአንዳንዷ መድኃኒት ያዛል፣ ሌላዋን «እንጠብቅ» ይላታል።

ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ማሽኑን የምንፈትንበት የማነጻጸሪያ ደም አለ፤ ጤነኛ መሆኗ ከታወቀ ነፍሰ ጡር የተወሰደ። የሱ ቁጥር ልክ ከመጣ ማሽኑም ልክ ነው። አንድ ሰሞን አለቀ፤ አዲሱ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። ሰኞ ጠዋት አለቃችን «ከአንዷ ጤነኛ ውሰጂና ሥሪ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ጤነኛዋ እኔ ነበርኩ። ስምንተኛ ሳምንቴ ነው፤ ከባሌ በቀር ማንም አያውቅም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶብኛል፤ ሁለቴም ቀድሜ አውርቼ ኋላ የሰው «አይዞሽ» ሊገድለኝ ነበር። ያሁኑ ግን ሌላ ነው። እንደ ጉድ ያስመልሰኛል፤ የሽንኩርት ሽታ ጠላቴ ሆኗል። ሲያስመልሰኝ ደስ ይለኛል፣ ሞኝ! ደሜን ማስለካት ግን ፈርቼ ነበር። አሁን የምለካው ማሽኑን ነው እንጂ ራሴን አይደለም አልኩና፣ በር ዘግቼ ከክንዴ ቀዳሁ። ቲዩቡ ላይ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ማሽኑ «ዝቅተኛ» አለ።

«አንተ ቆርቆሮ!» አልኩት። አጠብኩት፣ ኬሚካሉን ቀየርኩ፣ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። በማግስቱ ማክሰኞ እንደገና ቀዳሁ፤ ከሰኞውም ወረደ። ደም የምትቀዳው ባልደረባዬ፣ ወሬ ስለማታሳድር «ሬዲዮ» የምንላት፣ በበሩ ብቅ ብላ «ከማሽን ጋር ትጣያለሽ እንዴ? አማትሽ አረግሽው እኮ!» አለችኝ። ሳቅን።

የዚያኑ ቀን የአንዲት መምህርት ደም ዝቅ ብሎ መጣ። ከስንት ዓመት በኋላ የጸነሰች ናት፤ ውጤቷን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አንጀቴን በላችው። «ማሽኑ ነው የተበላሸው፣ እህቴ፤ አትስጊ» አልኳት። «ይሠራና ደግመን እናያለን።» መርቃኝ ሄደች።

ማሽኑን የሚጠግነው ቴክኒሻን ሐሙስ መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ የማይቸኩል ሽማግሌ ነው። በቦርሳው የታሸገ ማነጻጸሪያ ይዞ ነበር። ከፈተ፣ አስገባ፣ ጠበቅን። ልክ ነው። ደገመው፤ ልክ ነው።

«ልጄ፣ ማሽንሽ ከኔም ካንቺም ጤነኛ ነው» አለኝ እየሳቀ።

«አይደለም ጋሼ! ሦስት ቀን ሙሉ ሲዋሽ ነበር እኮ! እባክዎ እንደገና ይዩት!»

የኔን ቲዩብ አነሳ፤ ጽሑፉን አነበበ። «ይሄ የማን ነው?»

እጄ ሳላዘው ሆዴ ላይ ሄደ። እሱም አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፤ ቲዩቡን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰው። «እኔን፣ ልጄ» አለ።

ለካ ማሽኑ ሦስት ቀን ሙሉ እውነቱን ሲነግረኝ የተሳደብኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ለመምህርቷ ደወልኩ። ሁለት ቀን አታልያታለሁ፤ ከዚህ በላይ ማቆየት ግፍ ነው። ድምፄን ስትሰማ «ተሠራ?» አለችኝ በደስታ።

«ማሽኑ ደህና ነው» አልኳት። «ነገ ስትመጪ ሰው ይዘሽ ነይ።»

ይቅርታ ልላት ፈልጌ ሳልላት ዘጋሁት።

ከዚያ ለባሌ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ስልክ ሲያነሳ እንኳ እግሩ ከስፌት መኪናው አይወርድም። ኳኳታው ይሰማኛል።

«ምነው፣ በሰላም?»

«ነገ ሐኪም ጋ እገባለሁ። ሰው ይዤ ነው የምገባው» አልኩት።

መኪናው ቆመ። ስለ ሥራዬ ስንት ዓመት ስነግረው የኖርኩት ሰው ነው፤ ቁጥሩን አልጠየቀኝም።

«መጣሁ» አለ። «አሁን መጣሁ፤ ካለሽበት እንዳትነቃነቂ።»

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። አሁንም እንደ ጉድ ያቅለሸልሸኝ ነበር።