ከሰከንዱ ራስ ላይ ያለችው ትንሽ ሁለት

ጎግ ውስጥ ያለው የእኛ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መማር የፈለገ ጋምቤላ ከተማ ሄዶ ቤት ይከራያል፤ የእኔ ማሳ ደግሞ ይህን አይችልም። ዘንድሮ ግን ከወረዳው አንዲት ሴት ልጅ በፈተና ተመርጣ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች ተባለ። አንዲት ብቻ። የልጅ ልጄ ሀሴት ከክፍሏ አንደኛ ናትና እኔ ገና ሳትፈተን በልቤ አስገብቻታለሁ።

ልጄ እንየው፣ የሀሴት እናት ወንድም፣ ይህን ሲሰማ ከቡናው አገር ከመቲ መጣ። ሚስቱ መንታ ወልዳለች፣ የቡናው ለቀማም አለ፤ ሀሴት ትምጣልኝ ይላል።

«ካለፈች ትማር፤ ከወደቀች እወስዳታለሁ» አለኝ።

«ከወደቀች ውሰዳት» አልኩት። «ሰባተኛን ሁለቴ የደገምክ ሰው፣ እሷን በራስህ አትለካት።»

ቃሌን የሰጠሁት እንዲህ እየሳቅሁ ነው።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ማንጎው ሥር ተቀምጣ ታጠናለች፤ እኔ አጠገቧ በቆሎ እፈለፍላለሁ። አንድ ማንጎ ዱብ አለ።

«እምዬ፣ ይሄ ሲወድቅ ፍጥነቱ እየጨመረ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

«አናቴን የመታኝ ቀን አውቄዋለሁ።»

ሳቀች። ስትስቅ ቁርጥ እናቷን ናት፤ እናቷን ደግሞ የቀበርኳት እኔ ነኝ።

«በየሰከንዱ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሜትር በሰከንድ ይጨምራል» አለች። «አሁን ሜትሩን ወደ ሴንቲ ሜትር ልቀይረው ነው። በመቶ ማባዛት ነው፤ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ።»

ፊደል አልቆጠርኩም፤ በቁጥር ግን ማንም አያታልለኝም። ጎንበስ ብዬ ደብተሯን አየሁ። ከቁጥሩ ቀጥለው ከተጻፉት ፊደሎች፣ ከመጨረሻዋ ራስ ላይ አንዲት ትንሽ ሁለት ተቀምጣለች።

«ይህችስ?»

«ካሬ ማለት ናት።»

ካሬን ለእኔ ትነግረኛለች። ከወሎ በሰፈራ አምጥተው እዚህ ሲጥሉን መሬት የሚያካፍለን ሰው ሜትር አልነበረውምና በክንዱ ሰፈረልን። አንድ ሜትር ሁለት ክንድ ነው፣ እንግዲያው አንድ ካሬ ሜትር ሁለት ካሬ ክንድ ነው ብሎ የጓሯችንን ግማሽ ሊያስቀር ነበር። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እኔ እንጨት አንስቼ አፈሩ ላይ አራት ቤት ሠራሁለት፤ ሁለት በወርዱ፣ ሁለት በቁመቱ፣ አራት። ሰውየው አፈረና እንደገና ለካ። እስከ ዛሬ በመንደሩ ስሜ የሚነሳው በዚያች ቀን ነው።

«ካሬ ካለበት አንዴ ማባዛት የለም» አልኳት። «በወርዱም በቁመቱም ነው። በመቶ፣ እንደገና በመቶ።»

«እምዬ፣ ይሄ እኮ መሬት አይደለም።»

«ታዲያ ማንጎው የሚወድቀው የት ነው?»

«ክፍል ውስጥ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ የሠራን መሰለኝ።»

«መሰለኝን ይዘሽ ነው ፈተና የምትገቢው?»

 ዘጠኝ መቶ ሰማንያውን በላጲስ አጥፍታ ዘጠና ስምንት ሺህ ብላ ጻፈች። እኔም ደስ ብሎኝ በቆሎዬን ቀጠልኩ።

ውጤቱ የመጣ ቀን «ሁለተኛ ወጣሁ» ብቻ አለች። ኛፑዎት የምትባል ልጅ በአንድ ነጥብ በልጣታለች። እኔ ግን ልጄን የሚበልጥ አለ ብዬ አላምንም። በማግሥቱ ምርኩዜን ይዤ ከተማ ሄድኩ፤ ከመኪና ወርጄ በባጃጅ ፈተናው የታረመበት ግቢ ደረስኩ። ዊሊያም በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ የሀሴት የፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ ከአራሚዎቹም አንዱ።

«ቦታዋን ለማን ሸጣችሁት?» አልኩት።

«እማማ፣ ቁጭ በይ» አለኝ። አማርኛው አንቱ የለውም፤ ወንበሩን ግን ለእኔ ለቆ ራሱ ቆመ። ወረቀቷን አውጥቶ በጣቱ አንድ ቦታ ነካ። «ይሄ አንድ ነጥብ አሳዘነኝ። ክፍል ውስጥ ይሄን ሰሌዳ ላይ ሠርታ ያሳየች እሷ ናት፤ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። እዚህ ዘጠና ስምንት ሺህ ጻፈች። ማን ነገራት?»

 «ትንሿ ሁለት ካለች ሁለቴ አይባዛም ወይ?» አልኩት።

ምርኩዜን ተቀበለኝና አፈሩ ላይ ጻፈ። «ይሄ ሜትር፣ ይሄ ሰከንድ። ሁለቷ የማን ራስ ላይ ናት?»

«የሰከንዱ።»

«እኛ የቀየርነው የቱን ነው?»

«ሜትሩን።»

«ሰከንዱን ነክተናል?»

አልነካንም። ምርኩዜን ሳይመልስልኝ ገባኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሰውየውን ሰድቤ፣ ተበደልን እያልኩ ቤቴ እገባ ነበር።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ኤክሱን ለእኔ ስጡኝና እሷን መልሷት።»

«እማማ፣ የኛፑዎት ስም ተልኳል» አለኝ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ስመለስ እንየው ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ሀሴት ውስጥ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ትከታለች። አጠገቧ ቆምኩ።

«ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ እምዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፈተና እንደወጣሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

የከረጢቱን አፍ አሰረች፤ ፈትታ እንደገና አሰረች። «ያ ካሬ መሬቱን ያስመለስሽበት ነው እኮ» አለች።

ወደ ውጭ ወጣሁ። በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም። «እንየው፣ ያን ቃሌን ብመልሰውስ?» አልኩት።

«ቃሌ አይታጠፍም እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ» አለ። ክፋት የለውም፣ ደክሞታል። «ሚስቴ ሁለት ሕፃን ይዛ ብቻዋን ናት፣ እማ።»

በማለዳው መኪና ሄዱ። ደብተሯን ትታልኛለች፤ መቲ ምን ያደርግልኛል አለች። አንዳንዴ ማንጎው ሥር እገልጠዋለሁ። ፊደሉን አላነበውም። ያቺን ትንሽ ሁለት ግን እፈልጋታለሁ፤ ባገኘኋት ቁጥር ከማን ራስ ላይ እንደተቀመጠች አያለሁ።