በኋላ ሳንቃዋ ላይ የተበሱት ሁለት ቀዳዳዎች

መጋዙን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከፊቴ በሁለት በርሜሎች ላይ የተጋደመችው የእህቴ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቷት የሄደው አሮጌ የሸራ ጀልባ ናት። ከተገለበጠች ውሃ ሞልታ ትቀራለች። ባለፈው ሳምንት ሴት ልጁ ብቻዋን ሳለች ተገለበጠችባት። ቀና አድርጋ በባልዲ ብትቀዳ፣ ብትቀዳ፣ ማዕበሉ መልሶ እየሞላባት፣ ዓሣ አጥማጆች ሲደርሱላት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። እንዲያም ሆና ከውሃው አልቀርም አለች። ፌንጣ የምንላት ወደን አይደለም።

ዘዴውን ያመጣችው እሷው ናት። የጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ ከውጭ በኩል ክዳን ይገጠምለታል፤ ክዳኖቹን አንድ የላስቲክ ገመድ ከውስጥ ወጥሮ ይይዛቸዋል። ጀልባዋ ውሃ ስትሞላ ገመዱ ይለቀቃል፤ ወደ ፊት ስትሄድ ውሃው በኋላዋ ይወጣል።

"ጋሼ፣ ጀልባ መብሳት ኃጢአት ነው እንዴ?" አለችኝ ፌንጣ።

"እስካሁን የጠየቀኝ የለም።"

እህቴ ከሥራ ቤቴ ደጃፍ ቆማ ትሰማናለች። "አንተ ልጅ!" አለችኝ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። "አባቷ አልጋው ላይ ነው የሞተው። እሷም አልጋዋ ላይ ትሙትልኝ፣ አርጅታ።"

"እሺ እትዬ።"

አናጢነትን ያስተማረኝ የለም፤ እንጨት እያንኳኳሁ ድምፁን በመስማት ነው የለመድኩት። የኋላ ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር አንኳኳሁት፤ ጤነኛ ነው። በስመ አብ ብዬ ቆረጥኩ። የተቆረጠውን ጠርዝ ውሃ እንዳይጠጣ ሦስት ጊዜ ቀባሁት፤ ክዳኖቹን በማጠፊያ ገጠምኩ።

"የገመዱ ቋጠሮ በአንድ መሳብ የሚፈታ ይሁን" ብላኝ ነበር ፌንጣ። እንደዚያው አሰርኩት። በሙከራው ጠዋት ግን እሷ ተንሳፋፊ ሰደርያዋን ስትለብስ ልቤ ፈራ። በራሱ ቢፈታስ? በላዩ ሌላ ቋጠሮ ደረብኩ። አልነገርኳትም።

አብረን ተሳፍረን ከዳር ብዙም ሳንርቅ "ተዘጋጅ ጋሼ፣ ልገለብጣት ነው" አለች።

"ትንሽ ቆይ።"

"ከቆየሁማ ትወርዳለህ።"

ሰማዩ ዞረ። ቅዝቃዜው ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ዋና እምብዛም ስለማልችል የጀልባዋን ጠርዝ ሙጭጭ አልኩ። ፌንጣ ከጀልባዋ ሥር ወደ ውሃው የምትወጣውን የሚዛን ሳንቃ ረግጣ ጀልባዋን ቀና አደረገች፤ ወጣችና እኔን በሰደርያዬ ጎትታ አስገባችኝ። ጀልባዋ እስከ አፏ ውሃ ሞልታለች።

"ገመዱን ሳበው!"

ሳብኩት። አልተፈታም። ቋጠሮው ርሶ ድንጋይ ሆኗል። አንድ ማዕበል በጎን ገባ፤ ደገመ።

"ጋሼ፣ ምን ሆነ?"

"ደርቤ... ደርቤ ቋጥሬዋለሁ።"

ያቺ ልጅ ስትፈራ አይቻት አላውቅም፤ ያኔ አየኋት። ጀልባዋ እንደገና ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረች።

ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ ቋጠሮውን በጥርሴ ያዝኩት። ከልቤ ምት በቀር የሚሰማኝ የለም። አንተ ታውቃለህ፣ አልኩ በሆዴ፤ እሷን ብቻ። ሳብኩ፣ ነከስኩ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ገመዱ ከእጄ ተፈተለከ።

ቀና ስል ክዳኖቹ ሲከፈቱ ሰማኋቸው። ሸራው ነፋስ ያዘ፤ ውሃው ጎርጎር እያለ በኋላችን ይወጣ ጀመር። ከዚያ የሚበልጥ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

"ብንቆም ተመልሶ ይገባል" አለች፤ ሸራውን ይበልጥ እየወጠረች።

"አትቁሚያ!"

እህቴ ከነጫማዋ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ጠበቀችን። "ቀዳዳው ሠራ?"

"ቀዳዳው ሠርቷል እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። የፊት ጥርሴ ጫፍ እንደሌለ ያየችው ያኔ ነው። እርጥብ ጭንቅላቴን በነጠላዋ ታብስ ጀመር።

አዲሱን ገመድ ፌንጣ ራሷ አሰረችው። እኔ እጆቼን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ።