የክረምት ጎማ

ባሌ አበራ ሁለት ሚስት አለው። አንደኛዋ እኔ ሙሉነሽ ነኝ። ሁለተኛዋ ቀይ ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ለሩጫ የተሠራች፣ ሆዷ ከመሬት ስንዝር የማይርቅ ቶዮታ ሴሊካ። ጣውንቴ እላታለሁ። እሱ ሲሰማኝ ይስቃል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ጋር ቁርስ ሳይቀምስ እሷን የሚያጥብ ሰው ምን ይባላል?

በበጋ ምንም አልልም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ አስፋልቱ ሰፊ ነው። በሐይቁ ዳር መስኮቱን ከፍቶ እያንጎራጎረ ሲነዳት ለእሱ ደስ ይለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ደስ ይለኛል። ክረምት ሲገባ ነው ጉዱ። አምና ገበያው ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ፣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች በሙሉ ጃንጥላ ዘርግተው እያዩ፣ በፈረስ ጋሪ ተጎትታ ወጣች። ፈረሱ ራሱ ዞር ብሎ ያየን መሰለኝ። በማግስቱ ቢሮ የገባሁት አንገቴን ደፍቼ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ቁርጡን ነገርሁት።

“ስማ አበራ፤ አባባ ለነሐሴዋ ኪዳነ ምሕረት ዘጌ መሄድ ይፈልጋሉ። በዚች መኪናህ ካደረስሃቸው ትከርማለች። መንገድ ላይ ከቆመች ግን መስከረም ጠብቶ እዚህ ግቢ ውስጥ እንዳላያት። ትሸጣታለህ።”

“እሺ፣ ውል ነው” አለ። ፊቱ ግን ልክ አልነበረም።

አባባ የምላቸው አባቴን መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን ነው። ዘጌ ተወልደው፣ እዚያው ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እናቴ ስታርፍ ነው እኛ ዘንድ የገቡት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉልበታቸውም እንደዚያው። ድሮ ለበዓሉ በጀልባ ነበር የምንወስዳቸው። አምና ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁና ሐኪሙ “ከእንግዲህ በውሃ አይሞከርም” አለን። የቀረን የየብሱ መንገድ ነው። እሱ ደግሞ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ክረምት ላይ ዋልካ ነው፤ ጫማ ይዞ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ።

“ከመሬት ከፍ ያለ መኪና እንከራይልዎ” አልኋቸው።

“አማቼ መኪና እያለው? ሰው ምን ይላል! ከአበራ ጋር ነው የምሄደው” አሉ። አባባ ከእኔ ይልቅ አበራን ይወዱታል። ይኼን እኔም አውቃለሁ፤ ጎረቤቱም ያውቃል።

አበራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ ነው፤ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ። አሰበ አሰበና “የክረምት ጎማ ነው የሚያስፈልጋት” አለ። ያ ቃል አንዴ ቤታችን ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ የለም። እራት ላይ ጎማ፣ አልጋ ላይ ጎማ። ስልኩን ይዞ ቴሌግራም ላይ ጎማ ሲያገላብጥ ይውላል። ጎማው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቸርኬውም አለ፣ ጎማው የሚገባበት ብረት። የነበሯት ቸርኬዎች ትልልቅና የሚያብለጨልጩ ናቸው፤ ጎማቸው ግን ስስ ነው። ለጭቃ የሚሆነው ትንሽ ቸርኬ ከወፍራም ጎማ ጋር ነው አለ። ትንንሾቹ ደግሞ ጥቁር፣ ግርማ ሞገስ የሌላቸው ብረቶች ናቸው። ምርጫው ልቡን ሰነጠቀው።

“እስኪ እይ ሙሉዬ፣ ይኼ ጥቁሩ ያምርባታል?”

“እኔ ጫማ ስገዛ እንዲህ ተጨንቀህልኝ ታውቃለህ?”

“አንቺማ እግርሽ ላይ ያላማረ ጫማ መቼ አየሁ!”

አይ አፍ! በአፉስ አይታማም። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ።

አባባ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዳምጡ ቆዩና “ልጄ አበራ” አሉት፣ “ዘጌ የሚሄድ ሰው ለጭቃው ነው የሚጫማ፣ ለሰው ዓይን አይደለም።” በዚሁ ተቆረጠ። ጥቁሮቹ ተመረጡ። አበራ የሚያብለጨልጩትን አውልቆ፣ በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ በሰርጌ አንሶላ ጠቅልሎ አልጋችን ሥር አስገባቸው። በሰርጌ አንሶላ! ጮህሁበት፤ “ሌላው አንሶላ ሻካራ ነው እኮ” አለኝ። ምን ትለዋለህ እንዲህ ያለውን ሰው?

ጎማዎቹ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ዘንድ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፣ ላስቲካቸው ለስላሳ። አበራ ሳሎን መሃል ደርድሯቸው ጎናቸው ላይ የተጻፈውን በጣቱ እያሳየ አነበበልን።

“ዊንተር! ይኸው! ዊንተር ማለት ምንድን ነው?”

“ክረምት” አልሁ። ተማሪ ቤት ሳለን እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበነብነው ነው፤ ዊንተር ክረምት፣ ሰመር በጋ። ማን ይሳሳተዋል?

ከጽሑፉ አጠገብ ደግሞ ትንሽ ሥዕል አለች። አባባ “እስኪ አምጣልኝ” አሉና በጣታቸው ዳበሷት።

“ተራራ ነው። መካከሉ ላይ አበባ አለች።”

አበራ ጎንበስ ብሎ አየ። “እውነትዎን ነው አባባ! አደይ አበባ ናት!”

“እንግዲያስ ግልጽ ነው” አሉ አባባ። “ተራራው ክረምቱ ነው፣ አበባዋ መስከረም ናት። ክረምቱን አሻግሮ ለመስከረም ያደርሳል ማለት ነው።”

የቅኔ ሰው ምን ይደረጋል! ጎማ ላይ እንኳ ወርቅ አያጡም። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁና አመንሁ። ተራራ አለ፣ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ አለች፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

በበዓሉ ዋዜማ ጎረቤታችን ቢያዝን መጣ። ቢያዝን ራሽያ የተማረ የኮሌጅ መምህር ነው። አበራ እንደ አዲስ አባት እየመራ ወደ መኪናይቱ ወሰደው። “የክረምት ጎማ ነው” አለው። ቢያዝን አጎነበሰ፣ ሥዕሏን አየ፣ ከዚያ ግድግዳ ደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ።

“የምን አበባ! በረዶ ናት እኮ! የነሱ ክረምት በረዶ ነው አበራ። መንገዱ ሁሉ ነጭ ሲሆን የሚገጠም ጎማ ነው። ለዝናቡስ ደህና ነው፤ ዋልካ ግን ይኼን ጥርስ ከሞላው አለቀ፣ እንደ ሎሚ ልሙጥ ነው የሚሆን።”

እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ከት ብዬ ነው የሳቅሁት። በኋላ የአበራን ፊት አየሁ። አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። እጁን ጣውንቴ ጣሪያ ላይ አድርጎ ቆሟል። ተናድዶ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

“የድሮዎቹን ልመልስ?” አለ ለራሱ።

“በእነሱማ ከግቢም አትወጣ” አልሁ። ክፉ ልናገር ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

አባባ ከበረንዳው ሆነው ሰምተዋል። “በዓሉ ነገ ነው፣ እንሄዳለን” አሉ፤ መቋሚያቸውን በጨርቅ ወለወሉ፣ ተኙ።

በማለዳ ወጣን። ዝናቡ ይወርዳል። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር ገብቶ። አስፋልቱ ላይ ጎማው ጉድ ነው፤ ውሃውን እየቆረጠ ሲሄድ አበራ በመስታወቱ አየት ያደርገኛል፣ እኔ እንዳላየሁ እሆናለሁ። አስፋልቱ አለቀ። ዋልካው ተቀበለን። መጀመሪያ ተንገዳገደች፣ እንደምንም ተጎተተች፣ አንድ ሁለቱን ጉድጓድም አለፈች። በልቤ “ወይ ጉድ፣ ልትደርስ ነው መሰለኝ” አልሁ። እውነት ለመናገር፣ እንድትደርስ መፈለጌን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ቢያዝን ያለው ደረሰ። ጥርሱን ጭቃ ሞላው። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናይቱ ግን ንቅንቅ የለም። አበራ ወርዶ ድንጋይ ደለደለ፣ ቅጠል ቆርጦ አነጠፈ፣ ክሪክ አስገብቶ አነሣት፤ ክሪኩ ራሱ ሰመጠ። እኔም ወርጄ ገፋሁ። ነጭ ቀሚሴ ቀሚስ መሆኑ ቀረ። እሷ ግን ይብሱን ተቀመጠች። ከጫካው ወዲያ ከበሮው ይሰማል። አባባ በመስኮቱ በኩል ጆሯቸውን አቅንተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ዜማውን ከሩቅ እየተቀበሉ ነው።

“ታቦቷ ልትወጣ ነው” አሉ ቀስ ብለው። አልተቆጡም፤ መናገራቸው ብቻ ነበር። ያ ነው አንጀቴን የበላው።

አበራ ሞተሩን አጠፋ። “በቃ ሙሉዬ፣ ተሸነፍኩ። መስከረም ላይ ትሸጣለች” አለ፣ ሳያየኝ። ይኼን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ክረምት ስመኝ ኖሬ፣ አሁን ስሰማው እንባዬ መጣ። ዞሮ የአባባን በር ከፈተ፣ ጀርባውን ሰጣቸውና ጭቃው ላይ በርከክ አለ።

“አባባ፣ ላዝልዎ።”

“ተው ልጄ፣ እከብድሃለሁ።”

“አይከብዱኝም። ይምጡ።”

አባባ ጥቂት አመነቱ። ከዚያ እጃቸውን አንገቱ ላይ ጠመጠሙ። እኔ መቋሚያቸውንና ጃንጥላውን ይዤ ከኋላ ተከተልሁ። አንድ ጫማዬን ዋልካው አስቀረብኝ፤ ሁለተኛውን ራሴ ጣልሁት። አበራ ፋብሪካ ውስጥ ለስላሳ ወለል ላይ የሚውል ሰው ነው፤ ጭቃ ላይ መራመድ አያውቅበትም። አንድ ቦታ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ። ጮህሁ። አባባን ግን አልጣላቸውም፤ ተንበርክኮ እንዳለ ትንፋሹን ሰበሰበና ተነሣ። ለበዓሉ የሚሄዱ ጎረምሶች “እናግዝህ ጋሼ” ቢሉት ራሱን ነቀነቀ። አባባም ጆሮው ሥር ዜማ ጀመሩለት፤ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ እርምጃውን እየጠበቁ። አበራ ዜማ አያውቅም። ግን እግሩ ተስተካከለለት።

ደጀ ሰላሙ ላይ ስንደርስ ታቦቷ ገና አልወጣችም። የአባባ የቀድሞ ባልደረባ አባ መርስዔ ኀዘን ከካህናቱ መካከል አይተዋቸው እየሮጡ መጡ።

“መሪጌታ! እግዚአብሔር ይመስገን! በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ዝናብ፣ በምን መጡ?”

አባባ ከአበራ ጀርባ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መቋሚያቸውን ከእጄ ተቀበሉ።

“በአበራ” አሉ።

“በአበራ መኪና?”

“መኪናዪቱማ ጭቃ ውስጥ ናት። እኔ የመጣሁት በአበራ ነው።”

አበራ ፊቱን አዞረ። ከእግሩ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነው። ሰው ሁሉ እያየን ቀረብ አልሁና በነጠላዬ ጫፍ ፊቱን ጠረግሁለት። አገባሁት እንጂ እንዲህ ወድጄው አላውቅም ነበር፤ ይኼው ተናገርሁ።

“አትሸጣትም” አልሁት።

“አላደረሰችም እኮ። ውል ነው።”

“አንተ አድርሰሃል። ውሉ ከአንተ ጋር ነው፣ ከብረት ጋር አልተዋዋልሁም።”

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ከበሮው ተመታ፣ ታቦቷ ወጣች። አባባ ከካህናቱ መካከል ገብተው መቋሚያቸውን አነሡ። እኔም እልል አልሁ። እንደዚያን ቀን እልል ብዬ አላውቅም። ግማሹ ለእመቤታችን ነበር፤ ግማሹ ለባሌ። ይቅር ትበለኝ።