የሦስት ሳምንት ሩጫ

እናቴ ያወፈረችኝ ሆን ብላ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ ለምጄዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ቸኮል በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከሆሳዕና ወደ ሰሜን ሄደ። ዓመት ሳይሞላው መርዶው መጣ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴ እልፍነሽና እኔ፣ ወንዳፈረው ነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በዚህ ዓለም የቀራት ሥራ አንድ ብቻ ሆነ፦ እኔን ከዘመቻ ማስቀረት።

ዘዴውን ያመጡት ጎረቤታችን እትዬ ጣቢታ ናቸው። በአቅራቢያችን ባለችው ቦኖሻ ከተማ የሚኖር የሩቅ ዘመዳቸው ልጅ ለውትድርና ተጠርቶ፣ ሐኪሙ ከመጠን በላይ ወፍሯል ብሎ መለሰው አሉ። ልጁን ያየው ሰው አልነበረም። ስሙን እንኳ እትዬ ጣቢታ በትክክል አያውቁትም። እናቴ ግን ሌላ አልጠየቀችም፤ በማግስቱ ገበያ ወርዳ ቅቤ ገዝታ መጣች። ያኔ አሥራ አራት ዓመት ተኩል ነበርኩ፤ ለአቅመ ውትድርና ገና ሦስት ዓመት ተኩል ይቀረኛል። እሷ ግን ከወዲሁ ካልተጀመረ አይደርስም አለች።

ከዚያ ወዲያ ጾም ለእኔ ቀረ። እሷ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ትውልና፣ ለእኔ ከእትዬ ጣቢታ የተማረችውን አተካና ትሠራለች። ቡላውን በወተት ታበስልና ቅቤውን አናቱ ላይ ታፈስበታለች። ሳህኑ ባዶ ካልሆነ ከፊቴ አትነሳም። ለንስሐ አባቷ ምን ብላ እንደተናዘዘች እስከ ዛሬ አላውቅም። በዓመት ተኩል ውስጥ ዘጠና አራት ኪሎ ሆንኩ።

ወፍራም ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ላልሆነ ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው። የሚያስቸግረው ክብደቱ ብቻ አይደለም። ከገበያው ወደ ሠፈራችን የሚያወጣውን ዳገት ሁለት ጊዜ ሳላርፍ አልወጣውም፤ ባረፍኩ ቁጥር ደግሞ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም ታመህ ነው ወይ ይለኛል። ጭኖቼ እየተፋተጉ ስለሚቆስሉ ማታ ማታ ቫዝሊን እቀባለሁ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ የምለብሰው ቁምጣ ከተማው ውስጥ አልተገኘም፤ እናቴ ከሁለት ቁምጣ አንድ አሰፍታልኝ የመጀመሪያ ቀን ለብሼው ስወጣ፣ ሜዳው ላይ ያለው ልጅ ሁሉ ሩጫውን አቁሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁለተኛ አልለበስኩትም። እናቴም ይህን ሰምታ ከመናደድ ይልቅ ደስ አላት። ልቡን ያመዋል ብላ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጻፈችልኝ፤ እኔም በስፖርት ሰዓት ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሌሎችን ሹራብ የምጠብቅ ሰው ሆንኩ።

የስፖርት አስተማሪያችን ጋሽ ሳህሉ የዚያው የሆሳዕና አካባቢ ሰው ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። ደብዳቤውን አንብበው ኪሳቸው ከተቱት። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ባሕር ዛፉ ሥር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ በእርግጥ ልቤን ያመኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አያመኝም አልኳቸው። መሮጥ እፈልግ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን የልጆቹን ሹራብ ማጣጠፍ ጀመርኩ። ፈልጌ ነበር። በጣም ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ቤታችን ውስጥ መሮጥን መፈለግ ማለት መሞትን መፈለግ ማለት ነበር፤ እናቴ ስለ እኔ የምትጾመው ጾም ትዝ ሲለኝ እንኳን መሮጥ መፈለጉም ያሳፍረኝ ነበር። ጋሽ ሳህሉ መልሴን አልጠበቁም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማንም በማያይበት፣ በቦኖሻ መንገድ ከእሳቸው ጋር መሮጥ እንደምችል ነግረውኝ ተነሱ።

እናቴን ኪዳን ላደርስ ነው ብዬ ዋሸኋት። አምላኬን አመሰግናለሁ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ሐፍረት ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

በመጀመሪያው ቀን ከአንድ የስልክ እንጨት እስከሚቀጥለው ሮጥኩና ተንበርክኬ አስመለስኩ። ጋሽ ሳህሉ አላበረታቱኝም፣ አልተቆጡኝም፤ ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ እስከሚቀጥለው እንጨት አራመዱኝ። በሁለተኛው ሳምንት አምስት እንጨት ሳላቆም አለፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አሥራ አንድ። ሰው ስለ ሩጫ ሲያወራ ስለ ጉልበት ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። አሥራ አንደኛው እንጨት ላይ ስደርስ ይህ ሰውነት የእናቴ ዘዴ ሳይሆን የኔ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅኩ። ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሽ ሳህሉም ፈገግ አሉ።

የያዘችኝ በቀበቶዬ ነው። አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቁርስ አቅርባልኝ ሳለች ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ፤ ቀበቶውን በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ የጫማዬን ጭቃ አየች፣ ሁሉም ገባት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ዱካው ላይ ተቀመጠችና ቀስ ብላ፣

«ወንድምህ ቀጭን ነበር» አለችኝ።

እኔም የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ። በማግስቱ ወደ ቦኖሻ መንገድ አልወጣሁም፤ ጋሽ ሳህሉን ትምህርት ቤት ውስጥ ሳያቸው መንገድ መቀየር ጀመርኩ። የቀነሰችው ቀዳዳ በወሩ ተመለሰች፤ እናቴም ፊቷ ፈካ። እሷን የምጠላበት ሰዓት ነበረኝ። ወዲያው ደግሞ ለምን ጠላሁ ብዬ ራሴን እጠላ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. አዲስ ዙር ታወጀ። ቀበሌያችን የሚሞላው ኮታ ነበረበት። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ስለነበር ጥሪው አይመለከተንም ብለን ተቀምጠን ሳለ፣ ሊቀ መንበሩ ብሩ በራችን ላይ ቆሞ ስሜን ከወረቀት ላይ አነበበ። እናቴ የተወለድኩበትን ወርና ዓመት ነገረችው፤ አብዮቱ ሲፈነዳ የሦስት ዓመት ሕፃን እንደነበርኩ ማለችለት። ጋሽ ሳህሉ ሳይጠሩ መጥተው የትምህርት ቤቱን መዝገብ ይዘው ቀረቡ። ብሩ መዝገቡን አልገለጠውም። የሰው ዕድሜ በቀበሌው የሚታወቀው በቁመናው ነበር፤ የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? ከእግር እስከ ራስ አየኝና፣ ይህን የመሰለ ሰውነት በአሥራ ስድስት ዓመት አይበቅልም፣ ሃያ ቢያንሰው ነው አለ። እኔ አጠገቤ ካለችው ከእናቴ ሁለት እጥፍ ነበርኩ።

እናቴ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። እንዲያውም የምርመራው ቀን አማረባት፤ ሁለት ዓመት የለፋችበት ቀን ነበር። አዳራሹ ውስጥ ተሰልፈን ሳለ እየደጋገመች ወገቤን ትነካለች፣ ቀጥ ብለህ አትቁም፣ ሆድህን ልቀቀው ትለኛለች። ከፊቴ የነበረው የሠፈራችን ልጅ ተረፈ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ሐኪሙ ደረቱን በሜትር ለካውና ራሱን ነቀነቀ። ደረቱ አልሞላም፣ ለሌላ ዙር ይቆይ ብሎ ጻፈለት። ተረፈ ወረቀቱን ይዞ ከበሩ ሲወጣ እሮጣለሁ እያለ ይሰናከል ነበር።

እኔ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ዘጠና አራት። ሐኪሙ ልቤን አዳመጠ፣ ጉልበቴን አጠፈና ዘረጋ፣ ሆዴን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊያጽናናን የፈለገ ይመስለኛል።

«አይዞሽ እናቴ፣ ልቡ ብረት ነው። ውፍረቱን እዚያ በሦስት ወር ያወርዱለታል» አላት።

ማኅተሙን መታ። እናቴ በበሩ በኩል የሚርቀውን የተረፈን ጀርባ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ከአዳራሹ እስክንወጣ ድረስ ቀና አላለችም። ዳገቱ ላይ ሳርፍ እሷም አጠገቤ ቆማ አረፈች፤ አንድ መንገደኛ ታመህ ነው ወይ ሲለኝ ክንዴን ይዛ መውጣት ጀመረች።

በአራተኛው ቀን መናኸሪያው ተጨናንቆ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ የኔ መግባት ጊዜ ወሰደ፤ በሩ ላይ የቆመው ታጣቂ ከኋላ ገፋኝ፣ ልጆቹ ሳቁ። በመስኮቱ በኩል መቀመጫ አገኘሁ። እናቴ ሰው እየገፋች መጥታ መስኮቱ ሥር ቆመች። ምግብ አልያዘችም። እጄን ያዘችኝና፣ በእነዚያ ጠዋቶች ስሮጥ ደስ ይለኝ እንደነበር ጠየቀችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ደስ እንደሚለኝ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። አዎ አልኳት። እንዲያማት ብዬ ነው ያልኩት፤ እንዳመማትም አየሁ።

ሞተሩ ተነሳ። እጄን አልለቀቀችም። ታጣቂው እንዳይሰማት ተንጠራርታ ወደ ጆሮዬ ቀረበች።

«ተኩስ ስትሰማ ሩጥ» አለችኝ። «ወደ ኋላ ሩጥ። ፈሪ ይበሉህ፣ ከዳተኛ ይበሉህ፣ እኔ እናትህ ብዬሃለሁ፣ ሩጥ።»

እሺ ልላት ፈልጌ ነበር። ግን ከአውቶቡሱ በር እስከ መቀመጫዬ መጥቼ ትንፋሼ ገና አልተመለሰልኝም ነበር።